የጡት አባት የሰጧት በርሜል

ውብነሽ ከወሎ ደጋ ወርዳ፣ ከገዋኔ አለፍ ብሎ ባለ የጥጥ እርሻ ስትቀጠር የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ባሏ ምስክር የመርጫ ፓምፕ በጀርባው አዝሎ ለጥጡ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ እሷ ታርማለች፣ ሲደርስም ትለቅማለች። በዚያ ቆላ ከባሏ በቀር የኔ የምትለው ሰው አልነበራትም። ዘመድ የሆኗት የፀረ ተባዩ መጋዘን ኃላፊ ጋሽ ጉልላት ናቸው።

መጀመሪያ በወባ ታማ ስትወድቅ በእርሻው መኪና ጤና ጣቢያ ያደረሷት እሳቸው፣ አጥሚት እያፈሉ ያስታመሟት ሚስታቸው ነበሩ። ሲሻላት ምስክር ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሄደና፣ «ወላጆቿ ሩቅ ናቸው፤ የጡት ልጅ ያድርጉልን» ብሎ ለመነ። እንደ አገሩ ወግ ጋሽ ጉልላት አውራ ጣታቸውን ማር አስነክተው እንደ ጡት አጠቧት።

«ልጄ ነሽ» አሏት፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ። «ብከዳሽ ይህ ማር እሬት ይሁንብኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «አባባ» አለቻቸው። የዓመት በዓል ዳቦ ስትደፋ የመጀመሪያው ቁራሽ የሚሄደው ወደ እሳቸው ቤት ነው።

ስታረግዝ ጋሽ ጉልላት ክዳን ያለው ትልቅ ሰማያዊ በርሜል አሸክመው መጡ።

«ሆድሽ እየገፋ በየቀኑ ቦይ አትውረጂ። ምስክር አንዴ ከሞላልሽ ሳምንት ያቆይሻል።»

ምስክር ጎንበስ ብሎ አሸተተው። «አባባ፣ ይሄ የመድኃኒቱ አይደል እንዴ?»

«ነበረ። በኦሞ ሦስቴ አሳጥቤዋለሁ። ደግሞስ አንተ ቀኑን ሙሉ ተሸክመኸው ትውል የለም? መች ሞትክ?»

ተሳሳቁ። በሠራተኞቹ ሰፈር ክዳን ያለው በርሜል የሌላት ሴት ብዙ ናትና ጎረቤቶቿ፣ «እኛንም የሚያጠባ ጣት በተገኘ» እያሉ ይተርቧት ጀመር። ውብነሽ ደስ አላት። ከበርሜሉ ጠጣች፣ ወጥ ሠራችበት፣ የባሏን የመርጫ ልብስም በእጇ አጠበችበት።

በሰባተኛው ወር የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሆዷን በሜትር ለካች። ደግማ ለካች። «ወሩና ሆድሽ አልተገናኙም» አለቻትና ወደ ሰመራ ላከቻት። ሴት ልጅ ያለ ጊዜዋ ተወለደች፤ ኪሎዋ አንድ ከስድስት መቶ ግራም ነበር። ነርሷ ሰኢዳ ሕፃኗን ራቁቷን በእናቷ ደረት ላይ አስተኝታ በነጠላ አሰረችላት። «ያንቺ ሙቀት ነው የሚያሳድጋት፤ ኢንሻአላህ ትበረታለች» አለቻት። ውብነሽ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ እንዲሁ ሆና፣ የሕፃኗን ትንፋሽ እያዳመጠች፣ እመቤቴን ስትማጸን ከረመች። ስሟን ንጋትወርቅ አለቻት።

አንድ ቀን ሰኢዳ የምትበላውን፣ የምትጠጣውን ስትጠይቃት ውብነሽ በርሜሉን ኮራ ብላ ነገረቻት። ሰኢዳ መጻፏን አቆመች።

«ስሚኝ እህቴ። እንዲህ ያለው ኬሚካል ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ያልፋል። እድገቱን ሊገታው፣ ያለ ጊዜው ሊያስወልድ ይችላል። ያንቺን ያመጣው ይሄ ብቻ ነው ብዬ አልምልልሽም፤ ወባም አለ፣ የምግብ ማነስም አለ። ግን ያ ዕቃ ቢታጠብም አይጠራም። ተበስቶ መወገድ ነበረበት። መጋዘን የያዘ ሰው ይህን ይነገረዋል።»

«አባባ አያውቁም» አለች ውብነሽ። «ቢያውቁ ይነግሩኝ ነበር።»

ከሆስፒታል ስትወጣ መንገዱን ሁሉ የምታስበው የእሳቸውን ቤት ነበር። እነሱም ከእንዲህ ያለ ዕቃ እየጠጡ ቢሆንስ? ከመኪና እንደወረደች ወደ ራሷ ቤት እንኳ ሳትገባ፣ ልጇን በደረቷ እንዳሰረች ልታስጠነቅቃቸው ሄደች። በሩን የከፈተችው የጋሽ ጉልላት ልጅ ኑሀሚን ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

«ውሃ የምታስቀምጡት በምንድን ነው የኔ እናት?»

«በዘይት ጄሪካን።»

«ከመጋዘን በመጣውስ?»

«እሱንማ አባዬ ድሮ ከልክሎናል። እማዬ አንዱን ለእህል ብታመጣው ተቆጥቶ በስቶ ጣለባት።»

ልጅቷ፣ «ሕፃኗን ልያት?» አለቻት። ውብነሽ አሳየቻትና ሄደች።

ቤቷ ስትደርስ ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ውሃ ቀዳች። መጋዘኑ በር ላይ ጋሽ ጉልላት በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! እስቲ ልጄን...»

«ሙቀት ነው አባባ፤ መጀመሪያ ይጠጡ።»

ጣሳውን ተቀበሉ። ወደ ከንፈራቸው አስጠጉና ሽታው ሲመጣባቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ይጠጡ እንጂ። ሦስቴ ታጥቧል።»

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ልጄ... ለባዶው በርሜል መቅበሪያ ጉድጓድ አልተቆፈረልንም። አለቆቹ ብቻ ከመጋዘን ይውጣ አሉ። ሰው ሁሉ ይወስዳል። ባዶ እጄን ከምመጣ፣ የሚጠቅምሽ መስሎኝ ነው።»

«ለኑሀሚንስ ለምን አልሰጧትም?»

ጋሽ ጉልላት አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው መዳፍ ውስጥ ሸሸጉ። ንጋትወርቅ በእናቷ ደረት ላይ ስታቃስት ውብነሽ ጣሳውን አንስታ ውሃውን ደፋችና ሄደች። ያን ዕለት በርሜሉን በዲጂኖ ራሷ በሳችው፤ ምስክር ሊያግዛት ቢነሳ፣ «ተወኝ» አለችው።

ዛሬ የሚኖሩት አዋሽ ከተማ ነው። ምስክር መርጨቱን ትቶ ጋራዥ ገብቷል። ንጋትወርቅ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእኩዮቿ ታንሳለች፣ ሩጫዋ ግን አይያዝም። ውብነሽ ጠዋት ስታያት «ተመስገን» ትላለች፤ ሰኢዳንም በጸሎቷ ታነሣለች። እርጉዝ ጎረቤት ካየች ቤቷ ገብታ የውሃ ዕቃዋን ታሸታለች። «ይቺ ደግሞ» ብለው ይስቁባታል፤ ግድ የላትም።

በየፋሲካው ከገዋኔ ሰላምታ ይደርሳታል። አንድ ጊዜ ማር ተልኮላት ነበር፤ መልእክተኛውን ምሳ አብልታ ማሩን መልሳ አስያዘችው።

«አባትሽን ምን ልበላቸው?» አላት።

«ጋሽ ጉልላትን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ» አለች።