የቅሪቦው ገብስ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ላይ አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጥናቷን ስታቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዷ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ለወተት ላም ጥጃ ድርቆሽ ሲጠፋ የገብስ ገለፈት፣ የጤፍ እብቅና ፉርሽካ ይተኩታል ወይ የሚል ነው ጥናቱ። ልጅቱ ገብስን ባነሳች ቁጥር ሐሳቤ እያመለጠ ወዳደግሁበት መርሳ ይወርዳል። ተራዬ ደርሶ ምን እንደጠየቅኋት እንኳ አላስታውስም፤ እርሷ ግን ጎበዝ ናት፣ መለሰችው።

ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ገና ኮረዳ ነበርኩ። በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ ከውርጌሳ በኩል አውቶቡስ መምጣት ካቆመ ሰንብቷል። ከብት ውሃ የምናወርደው ቦምብ የሚጥለው አውሮፕላን ሳይመጣ፣ በማለዳ ነበር። አንድ ቀን አውሮፕላኑ ቀደመንና ላማችንን ወንዙ ዳር ገደላት። ጥጃዋ ሣር እንኳ መቀንጠስ አልጀመረችም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የሚተዳደረው በዚያች ላም ወተትና ቅቤ ስለነበር፣ ጥጃዋም ከሞተች የምንይዝ የምንጨብጠው አልነበረንም።

እናቴ ከኛ አፍ ቀንሳ የማሽላ አጥሚት ታጠጣት ጀመር። አጥሚቱ ግን አስቀመጣት፤ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣበቀ። የሚታኘክ ነገር ካላገኘች እንደማትጠና እናቴ ታውቃለች። ምን ይሆናል፣ ድርቆሹ ተቃጥሏል፣ መስኩን የጥር ፀሐይ ጨርሶታል። ከአውድማ የጤፍ እብቅ ጠርገን አመጣንላት፤ ደረቁን አሽትታ ተወችው። አንድ ጎረቤት በአተላ ለውሱላት ብሎ መከረን። እኛ ግን እስላሞች ነን፤ እናቴ አመነታች። የጠላ አተላ በልታ ያደገች ላም ወተቷ ይጠጣል ወይ ብለን የምንጠይቃቸው ሼህ ወደ ገጠር ሸሽተው ነበር።

እትዬ ብርቄ አጥር የምንጋራቸው ክርስቲያን ጎረቤታችን ናቸው። በዚያው ሰሞን አንድ ልጃቸው ዘምቶ መሞቱን አብሮት የነበረ ሰው መጥቶ አረዳቸው። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። እህል በጠፋበት ዘመን ከዘመድ ለቃቅመው ተዝካሩን ደገሱ። ወሎ ነውና የእስላሙ ምግብ ለብቻ ተሰናዳ፤ ጠላ ለማንቀምሰው ደግሞ ቅሪቦ፣ ያ የማያሰክረው የተቆላ ገብስ መጠጥ፣ ተዘጋጀልን።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ ጥቁር ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ በገበቴ እርጥብ ገብስ ይዘው ወደ እኛ ገቡ።

«ለጥጃዋ ነው» አሏት እናቴን። «ከቅሪቦው ተጠልሎ የቀረ ነው። የጠላውን አተላ ለብቻ አድርጌዋለሁ፤ አልተነካካም። ኋላ ወተቷን ስትጠጡ ሐራም ይሆን እያላችሁ እንዳትጨነቁ።»

እናቴ ገበቴውን ተቀበለች። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለቻቸው፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ።

ገብሱን ከእብቁ ጋር ለወስንላት። መጀመሪያ ከእናቴ እጅ ትልስ ነበር፤ እያደር ታኝክ ጀመር፣ አዛባዋም ጠጠር አለ። አንድ ረፋድ ደጃፍ ላይ ተኝታ ስታመሰኳ አገኘናት። እናቴ እትዬ ብርቄን ጠርታ አሳየቻቸው። ጎን ለጎን ቆመው አፏን ሲያዩ ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጥጃ ሆድ ብዙ ተምሬአለሁ፣ አስተምሬአለሁም። ያ ገብስ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሠራ አስረጂ ብባል አይቸግረኝም። እትዬ ብርቄ ግን መቃብሩን ላላዩት ልጃቸው እያለቀሱ፣ ገብሱና የጠላው አተላ እንዳይቀላቀሉ ለይተው ያስቀመጡበትን ልብ ይኸው እስካሁን አልደረስኩበትም።