እንከኑን ሳይነግሩ የማይሸጡት እትዬ ጦይባ

አላመንኩም። እናቴ ዛሬ ጠዋት ደውላ «እትዬ ጦይባ አረፉ» ስትለኝ «የትኛዋ ጦይባ?» አልኳት። ደሴ ውስጥ ሌላ ጦይባ እንድትሆን ፈልጌ ነው፤ ይቅር ይበለኝ።

ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። ቤታቸው ከመሄዴ በፊት ሱቃቸው ጋ ወረድኩ። ተዘግቷል። በሥራ ቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። ያኔ አመንኩ።

ወንዶቹ ከዙህር ሶላት በኋላ ወደ ቀብር ይዘዋቸው ሄዱ። እኔ እዚህ ቤታቸው ሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ።

ለማታውቋቸው፦ እትዬ ጦይባ ጎረቤታችን ናቸው። ሰልቫጅ ልብስ ሲሸጡ እያየን ነው ያደግነው። እኔ የጴንጤ ቤት ልጅ ነኝ፤ እናቴ ስትቆጣኝ ግን ሮጬ የምገባው እሳቸው ጉያ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ካፖርት ፈልጌ ሄድኩ። አንዱን ለብሼ መስታወቱ ፊት ስሽከረከር አስወለቁኝና ገለበጡት።

«እዪ፣ ብብቱ ሥር ተተርትሯል። ይቺ ቁልፍም የራሱ አይደለችም። እንከኑን ሳልነግርሽ አልሸጥልሽም።»

ለሁሉም እንዲሁ ነበሩ። ገዢው ተከራክሮ ጨርሶ እጁን ኪሱ ሲከት እንኳ «ቆይ ቆይ፣ አንድ እድፍ አለባት» ይላሉ። እንዴት ያተርፉ እንደነበር እሳቸውና አላህ ናቸው የሚያውቁት።

እኚህ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ «ሕመማቸውን ደብቀዋል» የተባሉት።

ልጃቸው ሐያት ዱባይ ነው የምትኖረው። እርጉዝ ሳለች እናቷ መጥተው እንዲያርሷት ፈለገች። የግል የጤና መድን ልትገዛላቸው ስትል ከመድን ወኪሉ ዘንድ አንዲት ሐበሻ ልጅ ደወለች። ሱቅ ውስጥ ስልኩን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት የነበረብዎት ሕመም አለ?»

«አልሐምዱሊላህ! ምን ጎድሎብኝ! አንቺስ ደህና ነሽ የኔ ልጅ? የማን አገር ልጅ ነሽ? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት እማማ። ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ የለብዎትም?»

«አልሐምዱሊላህ አልኩሽ እኮ!»

የልብ መድኃኒት መዋጥ ከጀመሩ ግን ስንት ዘመናቸው። ክኒኑ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። በክርኔ ጎሰም አድርጌ «የልብዎንስ?» አልኳቸው። ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ተቆጡኝ።

«ተይ እንጂ! አላህን ለማላውቃት ልጅ ልክሰሰው?»

ምን ልበል? እኛም ቤት ቢሆን መልሱ «ጌታ ይመስገን» ነበር። እኛ አገር ስለ ጤናህ ስትጠየቅ መጀመሪያ ታመሰግናለህ፤ የሚያቃስት ሰው እንኳ አመስግኖ ነው የሚያቃስተው። ጠያቂው የቅርብ ሰው ከሆነ ሁለተኛም ሦስተኛም ይጠይቅና ነገሩን ያወጣዋል። ልጅቷ ግን «ምንም ሕመም የለም» ብላ መዝግባ ስልኩን ዘጋች።

ሄዱ። ሐያትን አረሷት፣ «ትንሽ ይቆዩልኝ» ስትላቸውም ቆዩ። የልጅ ልጃቸው ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ልባቸው ጣላቸው። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አሉ። መድን ድርጅቱ የድሮ የሕክምና ታሪካቸውን ጠየቀ፤ የደሴው ክትትላቸው ወጣ። ነባር ሕመም ተደብቋል ተብሎ ውሉ ፈረሰ።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ መድን ድርጅቱ ለሐያት የነገራት ነው። መጀመሪያውኑ ቢናገሩ ኖሮ ክፍያው ከፍ ይል ነበር እንጂ አይከለከሉም ነበር። ለልባቸው መድኑ የማይከፍልበት የመጠበቂያ ጊዜ ይሰጠውና ከዚያ ወዲያ ይሸፈን ነበር። ሲታመሙ ደግሞ ያ ጊዜ አልፎ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ሳይደረግላቸው ሲመለሱ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልኳቸው። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ የመኪናውን መስኮት ከፍተው አየር እየሳቡ፣ «ዋሽታለች አሉኝ እኮ» አሉኝ።

«ማን ነው የሚልዎት?»

«እኔ መቼ ዋሸሁ? ልጅቷ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ጌታዬን አመሰገንኩ። ወላሂ ስለ ዕቃ ብትጠይቀኝ አንድ አልደብቃትም ነበር።»

እጃቸውን ያዝኩ። ሕመሙ ካደከማቸው ይልቅ ውሸታም መባሉ ነበር ያደከማቸው።

አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ተራ ይዘው እየጠበቁ ነበር። ተራው ሳይደርስ እሳቸው ሄዱ። ሐያት አሁን መንገድ ላይ ናት፤ ለቀብሩም አልደረሰችም።

እናትና አባታችሁን ውጭ የምትወስዱ ልጆች፣ እባካችሁ «ሕመም አለብዎት?» ብላችሁ አትለፏቸው። «የሚውጡትን ክኒን ያሳዩኝ» በሏቸው። ለመድኑም እናንተው ተናገሩላቸው። እነሱ ያመሰግናሉ እንጂ አይናገሩም።

እትዬ ጦይባ፣ ያን ካፖርት እንከኑን እያወቅኩ ነበር የገዛሁት። ብብቱን ሰፋሁት፣ ይኸው እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ። እርስዎንም ቢሆን መድኑ እንከንዎን አውቆ ይቀበልዎት ነበር እኮ።

ደህና ይሁኑ እናቴ። ጀነት ይግቡ። እዚያ ሲጠየቁ እንደ ልማድዎ ያመስግኑ፤ እሱ ቀሪውን ያውቀዋል። እዚህ የቀረውን እኔ ልናገርልዎ፦ ልብዎ ታሞ ነበር። ይኸው፣ ማንንም ሳልከስ ተናገርኩት።