ጅማት ያለው አኩሪ አተር

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ወንድሜ የእናታችን አጥሚት ውስጥ እንቁላል መታበት። ክፋት አልነበረውም። ጎባ የሚያያት ሐኪም ሆዷ ውስጥ ያለውን ዕጢ ከፋሲካ በኋላ ሊያወጣላት ቀጥሯት፣ «እስከዚያ ሰውነቷ ካልጠነከረ ቢላ አላሳርፍባትም» ብሎን ነበር። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት እያለ በጣቱ ቆጠረልን። እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ሰማችውና ገና ከበሩ እንደወጣን፣ «ጾሙ ሲፈታ እበላለሁ» አለች። ሕመምተኛ መሆኗን፣ ቤተ ክርስቲያንም ለሕመምተኛ እንደምትፈቅድ ብንነግራት አልሰማችንም። ዕድሜዋን ሙሉ ሁዳዴን ሽራ አታውቅም፤ አሁን በስተመጨረሻው ልትጀምረው አልፈለገችም።

እንቁላሉን በመጀመሪያው ማንኪያ አወቀችው። ቀና ብላ ወንድሜን አየችው። እሱ ደግሞ መዋሸት አያውቅበትም፤ ከሮቤ ደሎ መና የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፣ ትራፊክ ሲያስቆመው ሳይጠየቅ ጥፋቱን ይናገራል። አንገቱን ደፋ። እናቴ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከታ አስመለሰችው። «በገዛ ልጄ እጅ ጾሜን ፈታሁ» እያለች አለቀሰች፤ እንደዚያ ስታለቅስ ያየኋት አባታችን የሞተ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እሱ የሰጣትን ውሃ እንኳ አልጠጣም አለች። «ከአንቺ እጅ ብቻ» አለችኝ።

እኔ ሳላገባ የቀረሁት ልጅ ነኝ። ሮቤ ካለው ሥራዬ ፈቃድ ወስጄ፣ አልጋዬን ከአልጋዋ አጠገብ ዘርግቼ፣ ስለት ያለብኝ ይመስል ሌት ተቀን የማስታምመው እሷን ነበር። ቁጡ ነኝ፣ እሷም ቁጡ ናት፤ ስንነታረክ ጎረቤት ይሰማናል። ግን ከእጄ ትበላ ነበር። ያ ነበር የነበረን።

ችግሩ ምን ላብላት ነው። ክክም ምስርም ሆዷን ይነፋታል። ሽሮ ሰለቻት። ሌላ ሳጣ ከዓመታት በፊት ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ሲሠራ ተራራው ላይ በነበረው የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራ ነበር። የካምፑ ወጥ ቤት ቻይናዊ ነው፤ አማርኛው «ነይ፣ ብዪ፣ ጥሩ» ከሚሉት አያልፍም። አኩሪ አተር ፈጭቶ፣ ወተቱን አፍልቶና አርግቶ ቶፉ የሚሉትን ነጭ ነገር ይሠራል። ውርጭ በሚወርድበት ወራት ሲመሽ በትሪ አድርጎ ደጅ ያሳድረዋል፤ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ያቀልጠውና እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ጨምቆ፣ በእጁ ቦጫጭቆ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። ቁራጩ ወጡን ይመጥጣል፣ ጥርስ ይይዛል። እኛ ጾመኞቹ ረቡዕና ዓርብ እየበላን «ይሄ ሰውዬ ሥጋ አበላን» እያልን እንሳሳቅ ነበር።

አኩሪ አተር ፍለጋ ሮቤ ወረድኩ። በእኛ ብርድ አይበቅልም፤ የሚመጣውም ለመኖ ነው። እህል ነጋዴው እየሰፈረ፣ «ስንት ዶሮ አለሽ?» አለኝ።

«አንዲት፣ እምቢተኛ» አልኩት።

ዘፍዝፌ አሳደርኩት፣ በጁስ መፍጫ ፈጨሁት፣ በአሮጌ ነጠላ ጨመቅኩት። ወተቱ ሲፈላ ሁለቴ ገነፈለብኝ። ሎሚ ጠብ ሳደርግበት ቆረጠና ረጋ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ሙቀጫ ጫንኩበት። ምን ብዬ እንደምጠራላት ቸገረኝ። «የአኩሪ አተር አይብ» ልል ስል ምላሴን ነከስኩ፤ በሁዳዴ እዚያ ቤት አይብ የሚባል ስም አይነሳም። አኩሪ አተር ነው ብቻ አልኳት።

የመጀመሪያው አልሆነም። ወጡ ውስጥ ፈራረሰ፣ ምላሷ ላይ ሟሟ። «ጥርስ አለኝ እኮ፣ ምነው የሚንሸራተት ነገር ታውጪኛለሽ?» አለችና አስመለሳት። የምታኝከው ነገር ፈልጋ ነበር። ጥርሶቿ ደግሞ እስከ መጨረሻው ደህና ነበሩ።

ስለዚህ ማቀዝቀዝ ነበረብኝ፤ የውርጩ ወራት ግን አልፏል። ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ሙስሊም ናት፣ እሷም ረመዳን ይዛለች፤ ፍሪዘሯ ውስጥ ለስላሳና ለቤቷ የሚሆን ሥጋ ታስቀምጣለች። «አካም ቡልተ፣ እናትሽስ እንዴት አደሩ?» ብላ ተቀበለችኝ። ጉዳዬን ስነግራት ብዙ አልጠየቀችኝም። የታችኛውን መሳቢያ ባዶ አድርጋ፣ በፈላ ውሃና በሳሙና አጥባ፣ «ይሄ የእናትሽ ብቻ ነው። እኔም ጾመኛ ነኝ፣ አውቃለሁ። አብሽሪ፣ አላህ ያሽራቸዋል» አለችኝ።

መጀመሪያ መብራት ጠፋና ግማሹ በረዶ ግማሹ ውሃ ሆኖ ተበላሸ። በሁለተኛው ግን ቢጫ ድንጋይ ሆኖ ወጣልኝ። ለብ ባለ ውሃ ሳቀልጠው መልሶ ነጣ። በሁለት መዳፌ መሀል ስጨምቀው ውሃው ፈሶ አለቀና ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ፤ ስቦጭቀው በክር በክር ተላቀቀ። ሽንኩርቱን እሷ ለዶሮ እንደምታደርገው ሳልቸኩል አበሰልኩ። በርበሬ በዘይት፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምንም አላጓደልኩም። ስቀምሰው ራሴም ደነገጥኩ። እንደዚያ ዓይነት ወጥ ሠርቼ አላውቅም፤ ኮራሁ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ አኝካ ዋጠች። ፊቷ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ የምግብ ፍላጎት አየሁ። ሁለተኛውን አጎረስኳት። እያኘከች ቀስ አለች፣ አቆመች። ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አደረገችውና በጣቷ ፈለቀቀችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አኩሪ አተር ነው እማዬ።»

«አኩሪ አተር ጅማት አለው?»

አስረዳኋት። ስለ በረዶው፣ ስለ ቻይናዊው፣ ስለ ፍሪዘሩ ነገርኳት። ባወራሁ ቁጥር ነገሩ ውሸት እየመሰለ ሄደ። «ከወንድምሽ ተማርሽ» አለችኝ። አልጮኸችም። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለችና መዳፏን ትሪው ጠርዝ ላይ ጠርጋ ተኛች።

ጎረቤታችን መጥታ ማለችላት። «ወላሂ እትዬ፣ በጾሜ እምልልዎታለሁ፣ ሥጋ አልነካውም።» እናቴ እጇን ያዘቻት። «አንቺን አምንሻለሁ። አንቺ የሰጠችሽን ነው ያስቀመጥሽላት» አለቻት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እናቴ እባቡን ያየችው በወንድሜ እጅ ነው፣ ልጡ ግን እኔ ሆንኩ።

የንስሐ አባቷን ጠራሁ። ቀምሰው እንዲመሰክሩልኝ ነበር ሐሳቤ። ሳህኑን ተቀብለው አዩት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። «ሰዓቱ ገና ነው፣ አልቀምስም» አሉ። ሰዓቱ ገና መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ዓይናቸው ውስጥም ጥርጣሬ አየሁ፣ ወጡን ዶሮ አስመስዬው የለ! ወደ እሷ ዞረው፣ «እርስዎ ሕመምተኛ ነዎት፣ ፈትቼዎታለሁ። ሥጋም ቢሆን በእኔ ይሁን፣ ይብሉ» አሏት። መልካም ማድረጋቸው ነው። እሷ የሰማችው ግን «ሥጋም ቢሆን» የሚለውን ብቻ ነው። ሲወጡ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባም አወቁብሽ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም አልጋዋ አጠገብ መሥራት ጀመርኩ። ከሰል አስገባሁ፣ እየፈጨሁ አሳየኋት፣ ሲረጋ አሳየኋት። ሁሉን ታያለች። ወደ ጎረቤት ይዤው ስወጣ ግን፣ «ሲሄድ ነጭ ነው፣ ሲመለስ ሥጋ ነው። መንገድ ላይ የሚሆነውን እኔ አላይ» ትላለች። ሳላቀዘቅዝ ስሰጣት ደግሞ ለእኔ ብላ ትሞክርና ታስመልሳለች። በሎሚ ውሃና በአንድ ሁለት ማንኪያ በሶ ቀረች። በንዴት አንድ ቀን ድስቱን ከነወጡ ግቢው ውስጥ ደፋሁት። የሰፈሩ ውሻ አሽትቶት ጥሎት ሄደ። «ነይ እይ፣ ውሻ እንኳ ሥጋ አይደለም ብሎ ትቶታል!» ብዬ በመስኮት ጮኽኩባት።

ለሰሞነ ሕማማት ወንድሜ በጋቢ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ አስገባትና ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ክንዷን ይዞ ቆየ። ስለ ቀጠሮው ምንም አላነሳም። ውጭ ጠርቶን፣ «ቤት ውሰዷት፣ የፈለገችውን አብሏት» አለን። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አገራችን ውስጥ የለም። ወንድሜ እስከ ቤት ድረስ እያለቀሰ ነዳ።

የፋሲካ ጠዋት ገና ትናገር ነበር። ወንድሜ የዶሮውን ድስት ከፍቶ ሽታው ሲደርሳት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እርጎ አቀረብኩ፣ አልፈለገችም። ከዚያ ጠራችኝ።

«ያን ሥጋ አምጪልኝ።»

«የቱን ሥጋ?»

«ያን ቀን ያበላሽኝን። ጥሩ ነበር፣ ጨው ነው ያነሰው። አሁን ተፈቅዷል።»

ወደ ጎረቤታችን ሮጥኩ። የቀረው ቁራሽ አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነበር። ኢድ መጥቶ ሲያልፍ፣ ቤቷን ሥጋ ሲሞላው እንኳ አጠገቡ ምንም አላስቀመጠችም፤ ላይኛው ክፍል እስከ አፉ ታጭቋል። ቁራሹን ስትሰጠኝ ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት። «ያ ሃዳ ኮ» አለች፣ «ወይ እናቴ» ማለቷ ነው፣ አፏን በሻሿ ይዛ።

በሙቅ ውሃ አቀለጥኩት፣ ጨመቅኩት፣ ቦጨቅኩት። ጨው ጨመርኩ። እናቴ ትራስ ተደግፋ አኘከች፣ ብዙ ጊዜ ወሰደባት፣ ዋጠች። አላስመለሳትም። ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ ቀበርናት፤ በጥርሷ አኝካ የበላችው የመጨረሻው ምግብ ይህ ነው።

«አየሽ፣ ሥጋ ነው ብዬሽ ነበር» አለችኝ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደዋጠች። «ለእኔ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዋሽተሽኛል። በይ ይቅርታ ጠይቂኝና ይቅር ብዬሽ ልሂድ።»

ደሜ ፈላ። እውነቴን ነው፣ ልትሞት በተኛች እናቴ ላይ ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ፍጭት፣ ያ ሁሉ ጭመቃ፣ አንዲት ጠብታ ውሸት የለበትም። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ፣ መዋሸት የማይችለው ወንድሜ፣ «እማዬ፣ እሱ እኮ…» ብሎ ጀመረ። አየሁት። ዝም አለ።

ሁለተኛው ጉርሻ በእጄ ነበር። እውነቱን ብነግራት ደግሜ የዋሸኋት መስሏት አፏን እንደምትዘጋ አውቃለሁ።

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለችና አፏን ከፈተች። አጎረስኳት።