የ«ደህና ነኝ» መዘዝ

ኬንያ ሞያሌ ውስጥ አሰግድን «እንዴት ነህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። ቤቱ እየተቃጠለ ብትጠይቁትም መልሱ ያው ነው። እሱ ራሱ «እኔን ሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆኜ ብትጠይቁኝ እንኳ፣ ‹ደህና ነኝ፤ ትንሽ ጠበበኝ እንጂ› ማለቴ አይቀርም» እያለ ይቀልዳል።

ጠባዩን ከእናቱ ቤት ይዞት መጣ፤ ዋልዳ ደግሞ አጠነከረችው። ደርግ ሲወድቅ ጠረፉን ተሻግሮ ዋልዳ መጠለያ ጣቢያ ሲገባ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። የውሃ ቦቴው ሳይመጣ በቀረ ቀን ጎብኚዎች መጥተው «እንዴት ናችሁ?» ሲሉ፣ ከሰልፉ መሀል «ደህና ነን!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነበር። ከጎኑ የቆመው ሰው በክርኑ ይጎስመዋል። ምን ያድርግ ታዲያ? ሰላምታ ሰላምታ ነው፤ ችግር የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ሞያሌ ገብቶ ቢፍቱን ሲያገባም ዘመዶቿ ይህንኑ አጸኑለት። ቦረና ከብቱ አልቆበት እንኳ «ነጋ?» ሲባል «ነጋ» ይላል፤ ሰላም ነው ማለቱ ነው። መርዶው ቁጭ ተብሎ ሻይ ከተቀዳ በኋላ ይደርሳል። እኛ የድንበር ሰዎች በቋንቋ እንለያይ እንጂ በዚህ በኩል ሁላችንም አንድ ነን፤ እያመመን ደህና ነን።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ኢንተርኔት ያስገባው።

አሰግድና ቢፍቱ ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ሆቴል አላቸው። ከመንገዱ ማዶ ወይዘሮ ሀቢባ የምትባል ባለ ሆቴል ጣሪያዋ ላይ የኢንተርኔት ዲሽ ሰቅላ፣ በሩ ላይ «ዋይፋይ አለ» ብላ ጻፈች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነውና አሰግድም ሰቀለ። ፖል የሚባለው የኩባንያው ቴክኒሻን ዲሹን ወደ ኮረብታው ማማ አዙሮ፣ ሳሎን ውስጥ ትንሽ ሣጥን ተክሎ፣ «ምዜ፣ ችግር ካለ ደውሉ» ብሎት ሄደ፤ «ምዜ» በስዋሂሊ አባት፣ ሽማግሌ ማለት ነው። አሰግድ ለሳምንት ያህል እንግዳ በገባ ቁጥር ሣጥኑን እያሳየ ጎረረ። ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ የሣጥኑ መብራትም ቀይ ሆነችና ቀይ እንደሆነች ቀረች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

እንግዶች ቢያጉረመርሙ ግድ አልነበረውም። ጉዳዩ የሰሎሜ ነበር። አንድያ ልጁ ሰሎሜ፣ ሜሩ ከተማ ነርስነት ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሥራ እየፈለገች ቤት ተቀምጣለች። ናይሮቢ ያለ አንድ ሆስፒታል ሐሙስ ረፋድ ላይ ለቃለ መጠይቅ ጠራት፤ ወይ በአካል ወይ በኢንተርኔት በቪዲዮ። ያኔ አስፋልቱ ገና ሞያሌ አልደረሰም። ሰሎሜ አውቶብስ ልትሳፈር ስትል አባቷ ደረቱን ነፋ።

«አቧራ ስትቅሚ፣ አጥንትሽ ሲፈጭ ለምን ታድሪያለሽ? ቤታችን ኢንተርኔት አለ!»

«አባዬ፣ መብራቷ ቀይ ነች እኮ።»

«እደውላለሁ፤ ይሠሩታል።»

ደወለ። ስልኩ በቀጥታ ወደ ሙዚቃ ገባ። «መቆየትዎ ለእኛ ክብር ነው» ትላለች አንዲት የተቀዳች ሴት፤ ደግሞ ሙዚቃ። ሙዚቃውን ቢፍቱ ሽንኩርት ስትከትፍ ማንጎራጎር እስክትጀምር ድረስ ሰሙት። በመጨረሻ አንዲት ማር የመሰለች ልጅ አነሳችና ቅሬታውን መዝግባ «ሰው ይደርስልዎታል» አለችው። የደረሰ ሰው ግን አልነበረም። የደረሰው ስልክ ነው። በማግሥቱ ያቺው ልጅ መልሳ ደወለችና በስዋሂሊ ሰላም አለችው።

«ሀባሪ ምዜ! ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ኢንተርኔትዎ እንዴት ነው?»

«ሳዋ ሳዋ ልጄ፣ ሁሉም ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ? ወላጆችሽስ?»

«እናመሰግናለን ምዜ!» ብላ ዘጋችው።

አሰግድ ስልኩን ትክ ብሎ አየው። ገና ሰላምታ ላይ ነበር እኮ! «ግን» ሊል ነበር፤ «ግን» የምትመጣው ወላጆቿ ደህና መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ነው። እንደገና ሙዚቃ፣ እንደገና ቅሬታ፤ በማግሥቱ ልጅቷ እንደገና ደወለች፤ እሱም እንደገና ደህና ነበር። በሦስተኛው ኩባንያውን ከነሠራተኞቹ መረቀ።

ረቡዕ ጠዋት የናይሮቢው አውቶብስ ሄደ። ከእንግዲህ ሰሎሜ ብትሳፈርም አትደርስም። የስልኩ ኔትወርክ ደግሞ ድምፅ እንጂ መልክ አያሳልፍም። ማዶ ሀቢባ ጋ ዋይፋይ ቢኖርም የሳሎኗ የእንግዳ ጫጫታ ቃለ መጠይቅ አያስደርግም። ሰሎሜ የተኮሰችውን ጃኬት ወንበር ላይ ሰቅላ ቀይዋን መብራት እያየች ቁጭ አለች፤ አባቷን አልተናገረችውም። የተናገረችው ቢፍቱ ናት።

«እውነቱን ንገረኝ። ልጅቷ እንድትሄድ አትፈልግም።»

«በማርያም! ምን ነካሽ አንቺ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

አሰግድ ከልቡ ተናደደ። የበለጠ ያናደደው ግን አፉ ሲምል ሆዱ ዝም ማለቱ ነው። ሊነፍስበት ወደ ደጅ ሲወጣ፣ ማዶ ሀቢባ ጣሪያ ላይ ማንን ቢያይ ጥሩ ነው? ፖልን! መንገዱን በሩጫ ተሻገረ። ዛሬስ አይምረውም።

«ፖል!»

«ሀባሪ ምዜ! ኢንተርኔትስ እንዴት ነው?»

«ሳዋ ሳዋ፣ እግዚአብሔር...» ምላሱን ነከሰ። «አፌ ይቆረጥ! ሞቷል! ከሞተ ቆየ!»

ፖል ከጣሪያው ጫፍ ቁልቁል አየው። «ቢሮ ግን የእርስዎ ቅሬታ ተዘግቷል ብሎኛል። በተደወለልዎ ቁጥር ደህና ነው ብለዋል። አንድ ቀንማ መርቀውናል አሉ።»

አሰግድ ራሱን ያዘ። ኩባንያው የረባ አልነበረም፤ ግን የገዛ አፉም ለኩባንያው ጠበቃ ሆኖ ቆሞለት ነበር። ፖል ያለ ቢሮ ትዕዛዝ ሌላ ጣሪያ ላይ ከወጣ ከሥራ ይባረራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ማርሳቢት ይወርዳል። ስለዚህ አሰግድ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ደውሎ፣ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና አይደለሁም» ማለት።

ሆቴሉ ውስጥ ምክር ተያዘ። ኦቦ ሀልካኖ፣ ጥግ ጠረጴዛው ላይ በሻይ ሲነጋለት ሲመሽለት የሚውለው ሽማግሌ ጎረቤት፣ ነገሩን ሲሰማ ቱግ አለ።

«በገዛ አፍህ ቤትህ ላይ? ሰላም የለም ትላለህ? ወላሂ አይሆንም!»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ሀልካኖ አሰበና ዘዴ አመጣ። «ሰላምታውን እኔ እቀበላለሁ። አንተ ችግሩን ብቻ ተናገር። እንዲህ ከሆነ ሰላሙም ይጠበቃል፣ ችግሩም ይነገራል።»

እኛም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ግሩም ሐሳብ ነው አልን። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሙዚቃው መጣ፤ ቤቱ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ ልጅቷ፤ «ሀባሪ ምዜ! ለቀደመው ቅሬታዎ ነው? አሁን እንዴት ነው?» ሀልካኖ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ እስላም ክርስቲያኑን በሚያኮራ ድምፅ፣ «ነጋ! ሳላማ! ሁሉ ሰላም!» አለ።

«እናመሰግናለን!» ጧ።

የሀቢባን ጨርሶ ትዕዛዙን ሊጠብቅ የመጣው ፖል በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ። ሰሎሜ ተነሳች። አልተቆጣችም፤ ጃኬቷን አንስታ ማጠፍ ጀመረች። እጅጌውን አጠፈች፣ ቀጥላም ኮሌታውን። ያን ጊዜ አሰግድ ስልኩን ከጠረጴዛው ነጥቆ እንደገና ደወለ፤ ሙዚቃውን ቆሞ ጠበቀ።

«ሀባሪ ምዜ! እንዴት ነዎት?»

ሀልካኖ ዓይኑን ጨፈነ።

«ደህና አይደለሁም» አለ አሰግድ።

 ልጅቷ «እናመሰግናለን» ልትል ጀምራ አቆመች። ከዚያ «ፖሌ ሳና ምዜ፣ ምን ሆኑ?» አለችው፤ ይቅርታ፣ አይዞዎት ማለቷ ነው። ይህችን እንዳለችው ግድቡ ተሰበረ። ስለ ቀይዋ መብራት ነገራት፤ ስለ ሙዚቃው፤ ስለ ጉልበቱ ቁርጥማት፤ ሳትጠይቀው ስለ ዋልዳ ቦቴ። «ደግሞ አንድ ልጅ አለችኝ» አላት። «ነገ ቃለ መጠይቅ አላት። ካልተሳካላት በእኔ ጦስ ልትቀር ነው። ከተሳካላት ደግሞ ልትሄድብኝ ነው። በየትኛውም በኩል ደህና አይደለሁም።»

ቢፍቱ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የስልኳ ልጅም፣ «ምዜ፣ እኔ የምችለው የኢንተርኔቱን ብቻ ነው። ትዕዛዙን አሁን ለፖል እልካለሁ» አለችው።

ፖል ጣሪያው ላይ ወጥቶ አንዲት ገመድ ነቅሎ መልሶ ሰካ። ሀልካኖ ሻዩን ሳይጨርስ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ያ ሁሉ ሙዚቃ፣ ያ ሁሉ ምርቃት ለዚህች!

ሐሙስ ሰሎሜ ጃኬቷን ለብሳ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ አባቷ እንግዶቹን ሁሉ ከሳሎን አባሮ በር ላይ ዘብ ቆመ። ሥራውን አገኘች። በተሳፈረችበት ቀን አሰግድ አውቶብሱ እስኪጠፋ እጁን ሲያውለበልብ ቆይቶ፣ «እንዴት ነህ?» ላለው ሁሉ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ወደ ቤቱ ገባ። የለመደ ልማድ በአንድ ስልክ አይለቅም።

ከዚያ ወዲህ ሰሎሜ በየእሑዱ በኢንተርኔቱ ትደውላለች። ደህና ነህ? ደህና። አንቺስ? ደህና። ሥራውስ? ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልኩ ይዘጋል። አንድ እሑድ ግን «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ስትለው ቢፍቱ ቀና ብላ አየችው።

«አይ» አለ። «ደህና አይደለሁም ልጄ። ቤቱ ጭር ብሎብኛል።»

በመስመሩ ጫፍ ዝም ተባለ። ተቆርጧል ብሎ መብራቷን ዞር ብሎ አያት፤ አረንጓዴ ናት።

«እኔም አይደለሁም፣ አባዬ» አለች ሰሎሜ፣ ቀስ ብላ። «ከመጣሁ ጀምሮ።»

አሰግድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ» አላት፣ «ንገሪኝ።»