የየሺአረግ ካርድና የጓድ ክፍሉ ቁም ሣጥን

የሺአረግ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አለቃ ሁሉ «ጓድ» ይባላል። እሷ ግን ካድሬውንም ዘበኛውንም «አቦ፣ አንተ» ነው የምትለው። የድሬ ልጅ አንቱታ ይሞቃታል።

መሥሪያ ቤቱ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ሕንፃ ቀየረ። በየዝውውሩ የፋይል ማውጫውን እንደ አዲስ መጻፍ ሲሰለቻት አንድ ዘዴ አገኘች። የፋይሉን ቦታ ከሕንፃው በር ሳይሆን ከራሷ ጠረጴዛ ጀምራ በካርድ ጻፈች፦ «ከጠረጴዛው ተነሥ፤ ከኋላ ወዳለው ክፍል ግባ፤ በግራ ያለው ቁም ሣጥን፣ ሁለተኛ መደርደሪያ።» ዕቃው እንደ ነበረ አብሮ እስከ ተጓዘ ድረስ፣ ሕንፃው የትም ይሁን የት ካርዱ አይሳሳትም።

አንድ ሰኞ ከምሳ ስትመለስ ጠረጴዛዋ የለም። ካድሬው ጓድ ክፍሉ ለውይይት ክበብ ቦታ ፈልጎ፣ ከራሱ ቢሮ ፊት ወዳለችው ጠባብ ክፍል አስጎትቶታል።

«አቦ ክፍሉ፣ መልስልኝ! ጠረጴዛው ብቻውን ከሄደ ካርዱ ሁሉ ውሸታም ይሆናል።»

«ጓድ የሺአረግ፣ አብዮት ለጠረጴዛ ብሎ አይቆምም።»

«እሺ፤ ፋይል ሲጠፋ አብዮቱን ጠይቀው!»

በሳምንቱ ጓድ ሣህሉ የሚባል ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ሳይታሰብ ደረሰ። የሺአረግ ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ ነበርና፣ የንብረት ቆጠራውን ፋይል ካርዷን ይዞ ራሱ ፈለገ። ከጠረጴዛው ተነሣ፤ ከኋላ ወዳለው ክፍል፣ ማለትም ወደ ካድሬው ቢሮ፣ ገባ፤ በግራ ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተ። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ በጅቡቲ ባቡር የገባ አሥራ ሁለት ስቴካ ሲጋራና አንድ እቅፍ የናይለን ሙታንታ ተደርድሯል። ጓድ ክፍሉ በዚያው ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ኮንትሮባንዲስቶች አሻጥር ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተምሮ ነበር።

የሺአረግ ጉንጯ አብጦ ስትመለስ ተቆጣጣሪው ጠየቃት።

«ሆን ብለሽ ነው?»

«እኔ ስጽፍ ጠረጴዛዬ ቦታው ነበር። መነሻውን ያዛወረው እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን ከዋናው በር ጀምረሽ አልጻፍሽም?»

«አቦ፣ በሩን ስንቴ ቀየራችሁት?»

ሣህሉ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጓድ ክፍሉ «ለተጨማሪ ንቃት» ተብሎ ወደ ሌላ አውራጃ ተላከ። ሪፖርቱ ላይ ሲጋራው ስምንት ስቴካ ተብሎ ተጻፈ፤ ስለ ሙታንታው ማንም አላነሣም። የሺአረግ ጠረጴዛዋ ወደ ቦታው ተመለሰላት፤ ባዶ የቀረውንም ቁም ሣጥን ለምና ወሰደችና ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ ካርድ ጻፈችለት።