ወርቄ የደፈነችው ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ቦኖው ሲከፈት ሴቱ ሁሉ ተሰለፈ። ከመካከላችን በቅርቡ ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ወጣት ነበረች። ጎረቤቴ የልጅቱን ጀሪካን በእግሯ ገፋ አድርጋ «አንቺ ደግሞ አገርሽ ሄደሽ ቅጂ» አለቻት። ልጅቱ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ሰልፉ ጫፍ ሄደች። እኔ ግን ጎንደር ከተማ መሃል እንደቆምኩ የመተማ ፀሐይ አናቴን ያቃጠለኝ መሰለኝ።

ጊዜው የደርግ ነበር። ድርቁ እናቴን ከወሰደብን በኋላ አባቴን፣ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ እኔንም ከሌሎች የወሎ ሰዎች ጋር በከባድ መኪና ለሰፈራ ጭነው ቆላ አወረዱን። ያኔ ገና አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያወረዱን መተማ ውስጥ፣ ከኮኪት ወደ ውስጥ ገባ ብላ ባለች ቁርቁራ በምትባል መንደር ነው። መሬቷ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ትራክተር ይውጣል። ቤቱ ሁሉ ከሽመልና ከሣር የተሠራ ነው። ሙቀቱ ሲጠና ሰዉ አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋ ደጅ አውጥቶ ይተኛል። ኅዳር ላይ ሰሊጡ ታጭዶ ሲከመር አገሩ ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል።

ነባሮቹ ላይ ሰፈር፣ እኛ ታች ሰፈር ነበርን። እነሱም ቢሆኑ ከአርማጭሆ የወረዱ ናቸው። አባቴ ሲያርስ የወፍጮ ድንጋይ እየወጣ ያስቸግረው ነበር፤ ከነሱ በፊት እዚያ የኖሩት የጉሙዞች ድንጋይ ነው። የላይ ሰፈር ሴቶች ያንን ድንጋይ ወስደው ማሽላቸውን ይፈጩበታል፤ እኛን ግን «ሰፋሪ» እያሉ ይጠሩናል። ስማችንን የሚያውቅ ቢኖርም በእሱ አይጠራንም።

የመንደሯ ወንዝ በበጋ ይደርቃል። ውሃ የሚገኘው አሸዋው ተቆፍሮ ነው፤ እሱም አንድ ቦታ ብቻ። ሌላው ሁሉ ቢቆፈር ከሥሩ አለት ነው። ጉድጓዱን በእሾህ አጥራ የምትጠብቀው ወርቄ የምትባል ረጅም፣ ጠይም ባልቴት ነበረች። እኛ የምንጠጣው ከብቱ ከሚጠጣበት ኩሬ ነው። ሚያዝያ ላይ እሱም ጭቃ ሆነ። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ፣ ሚስቱ አለሚቱ እርጉዝ ነበረች፤ የኩሬውን ውሃ በጠጣች ቁጥር ያስመልሳታል። አንድ ቀን ጠዋት እንስራዬን ይዤ ወደ ጉድጓዱ ወጣሁ።

«እትዬ ወርቄ፣ ለእርጉዝ ነው፤ ትንሽ ብቻ» አልኳት።

አልጮኸችም። በያዘችው ዱላ እንስራዬን መታችው፤ እግሬ ሥር ተሰባበረ። «የመጣሽበት ወንዝ የለሽም? ሂጂና እዚያ ቅጂ» አለችኝ።

አባቴ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አመለከተ። ሊቀመንበሩ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣና «ከዛሬ ጀምሮ ውሃው የጋራ ነው» ብሎ አወጀ። የላይ ሰፈር ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ያን ቀን ቀዳን፤ አለሚቱም ጠጣች። በማግስቱ ስንሄድ የሞተ አህያ ጉድጓዱ ውስጥ ተጥሎ፣ በላዩ ላይ ድንጋይ ተከምሮበት አገኘን። ወርቄ ዳር ላይ ቆማለች።

«ምነው እመቤቴ? እናንተስ ምን ልትጠጡ ነው?» አላት አባቴ።

«እኛም አንጠጣው፣ እናንተም አትጠጡት» አለችው።

ያን በጋ የሁለቱም ሰፈር ሴቶች ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ሌላ ወንዝ ወረድን። እነሱ በመንገዱ ቀኝ፣ እኛ በግራ። ሕፃን ያዘለች ሴት ስትወድቅ እንኳ ከወዲያ ማዶ የሚያነሳ እጅ አልነበረም። ከእኛም ወገን የነሱን የሚያነሳ አልነበረም።

ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሐምሌ ላይ አለሚቱን ምጥ ያዛት። ልጁ በእግሩ መጣ። ሸሕዲ ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መኪና የለም፤ ዋልካው በቅሎ እንኳ አያሳልፍም። በአካባቢው የምታዋልድ ሴት አንድ ብቻ ናት፤ እሷም ወርቄ። አባቴ በዝናብ ሄዶ ደጇ ላይ ተንበረከከ፤ እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ወርቄ ማሽላ ታበጥር ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አላት።

ሰፌዷን አስቀመጠች። «ሂዱና ውሃ አፍሉ» አለች። «መቼም እናንተ ቤት ውሃ አይጠፋም።»

መጣች። እጇን በሰሊጥ ዘይት አሽታ አለሚቱ ሆድ ላይ አቀረቀረች። «ግፊ! እዚህ ልትቀበሪ ነው የመጣሽው?» እያለች ትቆጣታለች፤ እጇ ግን ቀስ ይል ነበር። ልጁ ወጣ፣ አለቀሰ። ወንድ ነው። ገንፎ ሠርቼ ሳቀርብላት «የሰፋሪ እህል አልበላም» አለችኝ። ከጣራው በሚወርደው ዝናብ ታጥባ ሄደች። በማግስቱ መንገድ ላይ ሰላም ብላት ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላም ለዓመታት እንዲሁ ነበርን።

ደርግ ሲወድቅ ውጡ ተባልን። እኛ ዕቃ ስንጭን የላይ ሰፈር ሰዎች የቤታችንን ጣራ እያፈረሱ ይወስዱ ነበር። ወርቄም መጣች። አባቴ በእጁ ጠርቦ የሠራውን የዋንዛ በር ከመቃኑ ነቅላ አወጣች። ዕቃው ላይ የተቀመጠውን የአለሚቱን ልጅ አየችውና «ይሄ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እሱ ነው።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በሩን ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ ሄደች።

ያ ልጅ ዛሬ ሰሊጥ የሚጭን ሹፌር ነው። ወንድሜ ከዘመቻው አልተመለሰምና ያሳደግነው አለሚቱና እኔ ነን። የቦኖው ነገር በሆነ በማግስቱ ሊጠይቀኝ መጣና ይህን ሁሉ አጫወትኩት። ወርቄን ይቅር ብያት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሴትዮዋን ለመጥላት ስነሳ እጇ ይታየኛል፤ ላመሰግናት ስነሳ ደግሞ አህያው ይሸተኛል። ይህን ያህል ዓመት አስቤ አንዱን መምረጥ አቅቶኛል፤ አሁንማ መሞከሩንም ትቼዋለሁ።

«በዚያ በኩል ማለፌ አይቀርም» አለኝ። «በሕይወት ካለች ምን ልበላት?»

«እጇን ሳማት» አልኩት። «ከዚያ በራችንን ጠይቃት።»