የኤች ባዶ ቦታ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቤተልሔም በስልክ መልእክት ላከችልኝ። ስሟን በእንግሊዝኛ ጽፋዋለች፤ ፊደሎቹ ግን የተለመዱት አይደሉም፤ ዘመም ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ናቸው። «አጎቴ፣ አዲሱን ስታይሌን አየኸው?» ትላለች። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይላታል።

አየሁት። እነዚያን ፊደሎች አውቃቸዋለሁ። ለጌጥ አልተሠሩም፤ የሒሳብ ፊደሎች ናቸው። ስሟ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ኤቾች ደግሞ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሰፈር አይኖሩም። ይህን የማውቀው በወንድሜ በግሩም ምክንያት ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት አካባቢ ነው። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። ግሩም መሀል ከተማ በአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ለተማሪዎች የሚሆኑ የሒሳብ መጻሕፍትን በኮምፒውተር ያቀናብር ነበር። እኔ ፎርም ፎርን፣ የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ክፍል፣ ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። በሚያዝያ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ ግሩም በመኪና አደጋ ሞተ። አባቴና እናቴ አስከሬኑን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ መሄድ አልቻልኩም። ፓስፖርቴ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ቢሮ ገብቶ ነበር። ወንድሜ ሲቀበር አልነበርኩም። ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልችልም።

በዚያው ሳምንት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ካማው አስጠሩኝ።

«ፖሌ ሳና፣ ልጄ» አሉኝ፤ በስዋሂሊ እግዜር ያጥናህ እንደ ማለት ነው። ከዚያ የግሩምን መጽሐፍ አሳዩኝ። የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ይቀራል። ካልተጨረሰ ሌላው ሠራተኛ ሁሉንም በራሱ መንገድ እንደ አዲስ ያቀናብረዋል። «ያኔ የወንድምህን ስም ከመጽሐፉ ማውጣት አለብኝ። ያልሠራውን ሠራ አልልም።»

«እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩ።

«ታውቅበታለህ?»

«ሲሠራ አይቻለሁ።»

«እኔም አውሮፕላን ሲበር አይቻለሁ» አሉ። ቢሆንም እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ድሮ ዘመም ያለ የሒሳብ ፊደል የሚባለው ያው ተራው ፊደል ነበር፤ ልብስ ብቻ ይቀየርለታል። ሒሳብ ውስጥ ግን ዘመም ያለውና ደማቁ አንድ አይደሉም። አንዱ ቁጥርን፣ ሌላው ሌላ ነገርን ሊወክል ይችላል። ፋይሉ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ ልብሱ ከወለቀ ትርጉሙም ይጠፋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ለእያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ደማቆቹ በአንድ ረድፍ፣ ዘመሞቹ በሌላ ረድፍ፣ በተራቸው። ግሩም «ሰልፍ ናቸው፤ መጀመሪያውን ካወቅህ ሌላውን ቆጥረህ ትደርስበታለህ» ይለኝ ነበር።

እኔም እየቆጠርኩ ሠራሁ። ምዕራፉ ስለ ሾጣጣ ቅርጾች ይዘት ነው። ከፍታ በኤች ስለሚጻፍ ኤች የሌለበት መስመር የለም። ሌላው ፊደል ሁሉ በትክክል ወጣ። በኤች ቦታ ግን ባዶ ሳጥን መጣ። በየገጹ ሳጥን ብቻ።

ካማው መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «የወንድምህ ፊደል ጎዶሎ ነው» አሉ።

«አይደለም። እሱ በሠራቸው ምዕራፎች ውስጥ ኤች አለ።»

«ታዲያ ያንተ የት ሄደ?»

ወጣሁ። ጎዶሎ የሚለው ቃል ውስጤ ቀረ።

አንድ ሳይበር ካፌ ገብቼ የፊደሎቹን ሰንጠረዥ ፈለግሁ። የኢንተርኔት መስመሩ ቀርፋፋ ነበር። እስኪወርድ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ በሎሚና በሚጥሚጣ የታሸ የተጠበሰ በቆሎ በላሁ፤ ጾም ነበር። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጫፍ ተከትሎ ይወርዳል። ስመለስ ሰንጠረዡ ተከፍቷል። ረድፉን በጣቴ ተከተልኩ። ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ። ቀጥሎ ባዶ፣ ጥላ የተቀባ ካሬ። ከዚያ አይ የሚባለው ፊደል።

ግርጌው ላይ አንዲት ቀስትና የሌላ ቦታ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ተከትዬ ሄድኩ። ኤች እዚያ አለ። የፊዚክስ ሰዎች ለአንድ የታወቀ ቋሚ ቁጥር ምልክት አድርገውት ስለነበር፣ ረድፎቹ ከመሠራታቸው በፊት ቀድሞ ገብቷል። በኋላ ረድፉ ሲሠራ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ማስገባት አልፈለጉም። ቦታውን ግን ለሌላ አልሰጡትም። ባዶውን ተዉት፤ ያለበትንም በቀስት አመለከቱ። ግሩም ይህን ያውቅ ነበር። ኤቾቹን ሁሉ ያመጣቸው ከዚያ ነው።

ዓርብ ጠዋት ካማው ገጾቹን አንድ በአንድ አዩ። «ሳዋ» አሉ፤ ደህና ነው ማለታቸው ነው። የግሩም ስም ባለበት ቀረ።

ወላጆቼ ሲመለሱ የአጎቴን ልጅ ዘላለምን ይዘውት መጡ። አባቴ የግሩም አልጋ ላይ እንዲተኛ ነገረው። እኔ አይሆንም አልኩ። ስለ ባዶው ካሬ፣ ለሌላ እንደማይሰጥ፣ ሁሉንም ተንተባተብኩ። አባቴ የጫማውን ክር እየፈታ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«አልጋ ፊደል አይደለም» አለ። «ልጁ ወለል ላይ አይተኛም።»

ሁለተኛውን ጫማ መፍታት ጀመረ።

«ያ ቀስት ያልከው ግን... ያለበትን በትክክል ያሳያል?»

«ያሳያል።»

«እንግዲያው ፓስፖርትህ ሲወጣ መቃብሩ ጋ ሂድ። በደቡቡ በር ትገባለህ። ከአጥሩ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከጽዱ ቀጥሎ ነው።» ጫማውን አልጋው ሥር አስቀመጠ።

ፓስፖርቴ የወጣው በጥቅምት፣ የጃካራንዳው ዛፍ አበባ መንገዱን ሐምራዊ ባደረገበት ወቅት ነው። ሄድኩ። አባቴ እንዳለው ሆኖ አገኘሁት። ሰው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቤት ስመለስ ዘላለም ያን አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር፤ እንደ በፊቱ አልከበደኝም። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ ማስረዳት አልችልም። ያለበትን ማወቄ ይመስለኛል።

ለቤተልሔም «ስምሽ አምሯል። ኤቾቹ ግን ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው» ብዬ ጻፍኩላት።

«ኤች ምን ሆነ አጎቴ?»

«ምንም አልሆነም» አልኳት። «ያለበትን አውቃለሁ። ስትመጪ አሳይሻለሁ።»